ኤ.ኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ስብሰባ) ሄዶ የሚያውቅ ሐበሻ አለ? (ዲኤምቪ አካባቢ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ዝምታ_44

ሰላም ለሁላችሁ። በአዲስ ስም ነው የገባሁት፤ በድሮው ስሜ የሚያውቁኝ እዚህ አሉ።

41 ዓመቴ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። እስከ ዘንድሮ ድረስ "መጠጥ በዛብህ" ለሚለኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ፦ ሁዳዴ። 55 ቀን ጠብታ አላስገባም ነበር። ሱስ ያለበት ሰው 55 ቀን ይችላል እንዴ? እያልኩ የባለቤቴንም የራሴንም አፍ አዘጋ ነበር። የፋሲካ ሌሊት ዶሮው ሳይቀርብ ጀምሬ ማክሰኞ ነበር የምነቃው፣ እሱን ግን አልቆጥረውም።

ዘንድሮም የዘወረደ ሰኞ እንደ ልማዴ አቆምኩ። ማክሰኞ ጠዋት እጄ ቁልፍ አልይዝ አለ። ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ይደልቃል፣ የሻይ ብርጭቆው ከጥርሴ ጋር ይጋጫል። አራት ሰዓት ላይ አንድ መለኪያ ወረወርኩ፤ ቀጥ አለ። ቀጥ ማለቱ ነው ያስደነገጠኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጄን "አስተካክላለሁ"። እንዲህ ሆኜ ሰው አልጭንም ብዬ መኪናዋን ካቆምኳት 9 ቀን ሆነ፤ ለባለቤቴ ያልኳት ግን ጋራዥ ገብታለች ነው።

ኤ.ኤ የሚባለው ቡድን ጋ የሄደ ካለ ይንገረኝ። በአማርኛ የሚካሄድ አለ? ስም ይመዘግባሉ? ዜግነት አመልክቻለሁና አንድ ቦታ ስሜ ሰፍሮ እንዳይገኝ። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን ሐበሻ ካገኘሁስ? የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ጠዋት ያወራኸው ማታ አዲስ አበባ እናትህ ጋ ተደውሎ ይነገራል።

ስድብ ያላችሁ አቆዩልኝ። ራሴን ሰድቤ አልጨረስኩም።

—

ጨዋታ_አዋቂ

ወንድሜ አታካብድ፣ ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው። ውስኪውን ተውና ቢራ ያዝ፣ እሱንም ቅዳሜና እሁድ ብቻ። አባቶቻችን በጠላና በጠጅ ነው ያደጉት፣ ማን ስብሰባ ሄደ?

—

የሌሊት_ነርስ

ጨዋታ አዋቂ፣ እባክህ እዚህ ላይ አትጫወት።

ዝምታ፣ ስለ ቡድኑ ሌሎች ይነግሩሃል። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጠው፣ አንድ መለኪያ ሲገባ ደግሞ ቀጥ የሚለው ሰውነትህ መጠጡን ስለለመደው ነው። እንዲህ የደረሰ ሰው በወኔ ቤቱን ዘግቶ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው አለ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ሌሊትና ቀን መምታታት፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ይሄ ሳይታከም ሰው ይገድላል። አገር ቤት ሳለሁ ሦስተኛው ቀን ላይ "ጋኔን ያዘው" ተብሎ እጅና እግሩ ታስሮ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ጋኔን አልነበረም፤ ቤተሰቡ አረቄውን በአንድ ጊዜ ነጥቆት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም። ድንገተኛ ክፍል ሂድና "በየቀኑ እጠጣለሁ፣ ማቆም እፈልጋለሁ፣ ጠዋት እንቀጠቀጣለሁ" በል። መጠኑን አትቀንስባቸው፤ ግማሹን ከነገርካቸው በግማሽ ነው የሚያክሙህ። ኢንሹራንስ የለኝም ብለህ እንዳትቀር፤ ድንገተኛ ክፍል ሳያይህ ሊመልስህ በሕግ አይችልም። በ1-800-662-4357 ብትደውል ደግሞ በነጻ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በአካባቢህ ያለውን የሕክምና ቦታ ይነግሩሃል።

ሐኪም ሳያይህ ደግሞ እንዳነበብከኝ ዛሬውኑ እንዳታቆም። ይሄን ነርስ መናገሯ ይገርምህ ይሆናል።

—

ባለ_ሰባት

ቨርጂኒያ ነኝ። ካቆምኩ 7 ዓመት ከ4 ወር። ነርሷ ያለችውን አድርግና ተመለስ። እስከዚያው የማውቀውን ላውራህ።

መዝገብ የለም። ክፍያ የለም። የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ነው የምትናገረው፤ እሱንም ካልፈለግህ ሌላ በል፣ እኔ ሦስት ወር ሙሉ "ማይክ" ነበርኩ። በዲዩአይ (ጠጥቶ በማሽከርከር) ዳኛ የላካቸው ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው ሲያስፈርሙ ታያለህ። ያ የእነሱና የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ አንተን የሚጽፍህ የለም። ክስ ካለብህ ግን ስለ ዜግነቱ ጠበቃ ጠይቅ እንጂ እኛን አትጠይቅ።

የት እንደሆነ ለማወቅ "ሚቲንግ ጋይድ" የሚባለውን አፕ ስልክህ ላይ ጫን፤ ምልክቱ ወንበር ነው። የሰፈርህን ዚፕ ኮድ ስትሰጠው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይዘረዝርልሃል። "ክፍት" የሚለው ላይ ማንም ይገባል፣ ሚስትህን ይዘህ ብትሄድም። "ዝግ" የሚለው ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው። ማቆም መፈለግ ብቻ ነው መስፈርቱ፤ ማቆምህን ማንም አይጠይቅህም።

አብዛኛው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ከጠፋህ ውጭ ቆመው ሲጋራ የሚያጨሱትን ፈልግ። የሚታጠፍ ወንበር፣ ትልቅ የቡና ማሽን (ቡናው ቡና አይባልም፣ እሱን እንድትችለው ነው የምነግርህ)፣ ግድግዳ ላይ የኤ.ኤ 12ቱ የማገገሚያ እርምጃዎች። አንድ ሰዓት ነው። አንዱ ይመራል፣ የሆነ ነገር ይነበባል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይናገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ "እኔ ብሆን" አይልም። እዚህ ላይ ነው እኔ የደነገጥኩት። በእኛ ቤት አምስት ደቂቃ ሳይመከር ተናግሮ የጨረሰ ሰው አይቼ አላውቅም። አንተ ጋ ሲደርስ "አልፋለሁ" ማለት ትችላለህ፤ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ አልፌያለሁ። ቅርጫት ሲዞር አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል ይጥላል፤ አዲስ ሰው ባይጥል ማንም አያየውም። መጨረሻ ላይ "ዛሬ መጀመር የሚፈልግ" ብለው ሳንቲም የምታክል ቺፕ ይሰጣሉ። የመጀመሪያዋ አሁን ቁልፌ ላይ ናት።

የመጀመሪያው ቡድን ካልጣመህ ኤ.ኤ አይሆነኝም ብለህ እንዳትደመድም። እኔ የመጀመሪያ ቀን የገባሁበት ጡረታ የወጡ ወታደሮች የሞሉበት ነበር፤ ግማሹን ሰዓት ስለ ጀልባ አወሩ። አራተኛው ላይ ነው ሰው ያገኘሁት።

አጀማመሩን ላጫውትህ፣ ለእኔ የረዳኝ እሱ ነው። በፈረንጅ 1935 ከኒውዮርክ የመጣ አንድ የአክሲዮን ደላላ አክረን፣ ኦሃዮ ላይ ሥራው ከሸፈበት። ካቆመ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ሆቴሉ ውስጥ በአንድ በኩል የባሩ ጫጫታ ይሰማዋል፣ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ስልኩን መረጠ። ለማያውቃቸው ቄሶች እየደወለ "የማናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ" አለ። አንድ ሐኪም አገኙለት። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ ገብቶ ሰዓታት ተቀመጡ። ያ ሐኪም የመጨረሻውን የጠጣው በፈረንጅ ጁን 10 ቀን 1935 ነው ይባላል፤ ኤ.ኤ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ልብ በል፣ ሰውየው የደወለው ሐኪሙን ሊያድን አይደለም። ራሱ እንዳይጠጣ ነው።

ሐበሻ ካገኘሁስ ላልከው፦ አንተ እሱን ስታገኘው እሱም አንተን አገኘ። ሁለታችሁም አንድ ገመድ ላይ ናችሁ፤ ማን ማንን ያማል?

—

የእንጦጦ_ልጅ

ሁሉንም አነበብኩ፣ ስለ እግዚአብሔር የተናገረ አላየሁም። እኔ ከአረቄ የተላቀቅሁት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ነው። ሦስት ወር ተቀመጥኩ። የንስሐ አባት ያዝ፣ ስብሰባው ይቆይህ።

—

ባለ_ሰባት

የእንጦጦ ልጅ፣ ጠበልህን አልነካብህም፤ እኔም ሄጃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እዚያ ሦስት ወር ስትቀመጥ ብቻህን ነበርክ?

—

የእንጦጦ_ልጅ

አይ። ሃያ ምናምን ሰዎች ነበርን አንድ ቤት። ማታ ማታ ሁሉም የመጣበትን ያወራል። ጠዋት ደግሞ አንዱ ሌላውን ቀስቅሶ ይዞ ይወርዳል።

… እሺ፣ ገባኝ የምትለው። ቢሆንም ጠበሉ ነው።

—

ሐረር_በር

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሜሪላንድ። የእናንተ ሚስጥር አንድ ከሆነ የእኔ ሁለት ነው፤ የሚጠጣ ሙስሊም የለም ተብሏላ። መስጊድ ውስጥ ለማን እነግራለሁ? ኤ.ኤ ስሄድ ስለ "ከፍተኛው ኃይል" ሲያወሩ የክርስቲያን ጸሎት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሄጃለሁ። እያንዳንዱ በሚያውቀው ፈጣሪ ነው የሚሉት፣ ምንም የማያምንም አለ። አንዳንድ ቦታ መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው "አባታችን ሆይ" ይላሉ፤ እኔ ያኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ የተቆጣኝ የለም። ከሃይማኖት ጋር ምንም የማይነካካ ከፈለግህ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ያለ "ስማርት ሪከቨሪ" የሚባል አለ፣ በኢንተርኔትም ይካሄዳል።

—

የሦስት_ልጆች_እናት

እኔ ጠጪ አይደለሁም፣ የጠጪ ሚስት ነኝ። ዝምታ፣ መኪናዋ ጋራዥ እንዳልገባች ባለቤትህ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። እኛ ጠርሙስ እንቆጥራለን፣ በእስክሪብቶ ምልክት እናደርጋለን፣ የከረሜላውን ሽታ ከአንሶላው ላይ እናውቀዋለን።

አል-አነን የሚባል ለቤተሰብ የሆነ ቡድን አለ፣ 1951 ላይ በጠጪዎች ሚስቶች ነው የተጀመረው። ሄጄ የተማርኩት ባሌን ማስቆም እንደማልችል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲንክ ላይ ስደፋ የነበረው ውስኪ ዋጋው ቢደመር መኪና ይገዛ ነበር። እሱ አሁንም ይጠጣል። እኔ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ይሄን ለእሷ አሳያት። ወይም ንገራት፣ ይሻላል።

—

ፍራንክፈርት_ዋና_ጣቢያ

ጀርመን ላላችሁ ብቻ፦ "ዙክትቤራቱንግ" የሚባለው የሱስ ምክር አገልግሎት በየከተማው አለ፣ በነጻ ነው። ለወራት የሚቆየውን የማገገሚያ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የጡረታ መድኑ ነው የሚከፍለው፤ ማመልከቻውን እነሱ ይሞሉልሃል። "ብላውኤስ ክሮይትስ" የሚባልም አለ፣ ሰማያዊ መስቀል ማለት ነው፤ የክርስቲያን ነው፣ በ1877 ስዊዘርላንድ የተጀመረ። ጀርመንኛዬ የገበያ ጀርመንኛ ነው፤ እንደምንም ገባኝ።

—

ዝምታ_44 (ከ12 ቀን በኋላ)

አለሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። "ጋራዡ ስንት አስከፈለህ?" አለችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። የሦስት ልጆች እናት፣ እውነትሽን ነው።

ድንገተኛ ክፍል እሷ ናት የወሰደችኝ። አምስት ቀን አስተኙኝ። መድኃኒቱን በየሰዓቱ እየቀነሱ፣ ቪታሚን በደም ስር። ሁለተኛው ሌሊት ጣሪያው ላይ ጉንዳን አየሁ፤ ነርሷ የነገረችኝ ትዝ ባይለኝ ኖሮ አብጄ ነበር። አንድ የአልጋ ጎረቤቴ ይሄ ስድስተኛው ነው። ስድስት ጊዜ ታክሞ፣ ስድስት ጊዜ አገርሽቶበት። "ከዚህ ስወጣ የምሄድበት የለኝማ" ነው ያለኝ።

ስወጣ በማግስቱ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ማለት፣ ወደ ፓርኪንጉ ሄድኩ። ስልሳ ደቂቃ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሲገቡ አየኋቸው፣ ሲወጡም አየኋቸው። እየሳቁ ነው የሚወጡት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ አናደደኝ። ወደ ቤት ተመለስኩ። አልጠጣሁም።

—

የሌሊት_ነርስ

ፓርኪንግ ድረስ መሄድም መንገድ ነው። ጉንዳኑን ለሐኪሙ ነግረህ ነበር አይደል?

—

ኮልፌ_ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እናንተ የመምረጥ ችግር አለባችሁ፤ እኛ እንኳን በአፕ ሊዘረዘር! እኔ አማኑኤል ነው የታከምኩት። አማኑኤል ገባ ስትባል ሰፈር "አበደ" ብሎ ይዘጋሃል፤ ሚስቴ ለጎረቤት "ጎንደር ለሥራ ሄደ" ነበር ያለችው።

ስንወጣ አራት ሆነን ስልክ ተለዋወጥን። አሁን በየወሩ በ21፣ በማርያም፣ ተራ በተራ ቤት ለቤት እንሰበሰባለን። ማኅበር ነው ብለን ነው ለሰፈር የነገርነው፣ ማኅበርም ነው። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ በጠላው ፈንታ ብርዝ ወይም የተልባ ውሃ። በሳምንት ደግሞ እንደዋወላለን። አንዱ ሞቶብናል፣ አገርሽቶበት። ቀብሩ ላይ ለድንኳኑ ሰው ጠላ ሲታደል ሦስታችን ተያይተን ተነስተን ወጣን። ነውር ነው ተባልን።

ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ "ለምን አትጠጣም?" ሲሏችሁ አታብራሩ። "መድኃኒት ላይ ነኝ" በቂ ነው። ሰው ሱሱን እንጂ መድኃኒቱን አይጠራጠርም።

—

ጨዋታ_አዋቂ

ኮልፌ፣ ያ ነገር እኔም ጋ ሠርቷል። ሰሞኑን ለምን መድኃኒት ላይ ነኝ እንዳልኩ አትጠይቁኝ።

—

ዝምታ_44 (ከ9 ቀን በኋላ) — [ጽሑፉ ተስተካክሏል]

ገባሁ። በሦስተኛው ሙከራ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ "አዲስ ነህ?" ብሎ እጄን ጨበጠኝና ወንበር አሳየኝ። ኋላ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ አለፍኩ።

ሁለተኛው ቀን ልናገር ሞከርኩ። እንግሊዝኛዬ ተሳፋሪ ለማጫወት ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። "ሆዴ ባሰኝ" በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? እናቴ ስልክ ላይ "ድምፅህ ምነው ልጄ?" ስትለኝ የተሰማኝን በምን ቃል ልናገር? "አይ ዋዝ ሳድ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት "ሚም" አለች፣ እንደ እኛ ሴቶች በጉሮሮዋ። ያች "ሚም" ብቻ የገባችልኝ መሰለኝ።

[እዚህ ላይ ስብሰባው ላይ ስላገኘኋቸው አንድ ሐበሻ የጻፍኩት ነበር። አጥፍቼዋለሁ።]

—

ባለ_ሰባት

ዝምታ፣ ወንድሜ፣ ይሄን ቶሎ አጥፋው። ስም ባትጠራም ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን… እኔ ራሴ አንብቤ ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። ዲኤምቪ እኮ አንድ ቀበሌ ነው።

—

የሦስት_ልጆች_እናት

እኔም ገባኝ። እባክህ።

—

ዝምታ_44

አጠፋሁት። ይቅርታ። ደስ ብሎኝ ነው እንጂ ክፋት አስቤ አልነበረም። እኔ ስሜ እንዳይወጣ አንድ ወር ሙሉ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው የሌላውን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ሄጄ ለእኚህ ሰው የሠራሁትን በአፌ ነገርኳቸው። ተቆጡኝ። በአማርኛ፣ በደንብ አድርገው፣ እንደ እናት። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ቴርሞስ ነበራቸው፣ የእኛ ቡና፤ ፓርኪንጉ ላይ ቆመን ጠጣን። ካቆሙ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። በ19 ዓመት ውስጥ አብሯቸው የተቀመጠ ሐበሻ እኔ ሦስተኛው ነኝ፤ ሁለቱ አልተመለሱም። የፈቀዱልኝ ይህችን ያህል ብቻ እንድጽፍ ነው።

—

ባለ_ሰባት

በኤ.ኤ ልማድ ሁለት ሦስት ጠጪዎች ላለመጠጣት ብለው ከተገናኙ ቡድን ነን ማለት ይችላሉ፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ቢሮ የለም። እሁድ እሁድ በአማርኛ በዙም እንሞክር። ካሜራ ዝግ፣ ስም የፈለጋችሁት፣ ቀረጻ የለም። ሊንኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ብቻ እልካለሁ።

—

ሐረር_በር

አለሁበት። "አባታችን ሆይ" እንዳይኖር።

—

ባለ_ሰባት

አይኖርም። ዝም ብለን እንዘጋለን።

(ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ) አራት ነበርን። የኮልፌ ልጅ ኔትወርኩ እየተቆረጠ ግማሹን አልሰማነውም። የእንጦጦ ልጅ ሳይጠበቅ ገባ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። በ35 ደቂቃ አለቀ። በሚቀጥለውም አለ፣ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት።

—

ደይራ_12

ሰላም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ ጽፌ አላውቅም። ዱባይ ነኝ፣ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ የምቀዳው እኔ ነኝ። የእናንተ ምሽት 1 ሰዓት በእኛ ስንት ይሆናል? ሴት ትገባለች?

—

ባለ_ሰባት

ትገባለች እህቴ። በእናንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ያውም ለሰኞ አጥቢያ። በጣም መሸብሽ መሰለኝ፤ ሌላ ሰዓት እንፈልግልሽ?

—

ደይራ_12

አይ፣ ይሁን። እኔ የምወጣው ያን ጊዜ ነው። የሠራተኛ አውቶቡስ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። መናገር ግን አልችልም፣ ሰው አጠገቤ አለ።

—

ዝምታ_44

አልፋለሁ በይ። እኛ እንቀጥላለን።